ከስልክ ጥገና ወደ ሕክምና መሣሪያ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ከትምህርት መልስ ስልክ ትጠግናለች። ባዮሜዲካል ምህንድስና መማር ትፈልጋለች፤ ዘመዶች ግን «ለሴት ፋርማሲ ይሻላታል» ይላሉ። ምን ይመክሩኛል?
እናት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ እናት፣ ዘመዶችዎ ክፉ አስበው አይመስለኝም። ሴት ፋርማሲስት በየሰፈሩ ያያሉ፤ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስን ግን ታካሚ እንኳ አያያትም።

ሥራውን በአንድ መሣሪያ ላሳይዎ። የኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያ የክፍሉን አየር ስቦ ዚዮላይት በተባለ ማዕድን ውስጥ ያሳልፋል፤ ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ሲያስቀር ኦክስጅኑ ለታማሚው ይደርሳል። በድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፣ መጭመቂያውም ይግላል። ለዚህ መላ ለመፍጠር አቧራውን የሚያውቅ ሰው ይቀድማል፤ ልጅዎ ደግሞ በየቀኑ ከስልክ ውስጥ ስትጠርገው ትውላለች። የሐረሯ የሶፍትዌር ባለሙያ ቤተልሔም ደሴም ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቀችው በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው።

ትምህርቱን ጅማ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። በሒሳብና በፊዚክስ ትበርታ፤ ባዮሎጂንም ችላ አትበል። ሱቅ ውስጥ በመልቲሜትር መለካትና የሰርኪዩት ሥዕል ማንበብ ትልመድ። ካፓሲተር ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ፣ ቻርጀርና ፓወር ሰፕላይ ብቻዋን አትክፈት። ታማሚ የሚጠቀምበትን መሣሪያ ግን ፈጽሞ አትንካ፤ እሱ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው።

የመግቢያ ነጥብና ምደባ ስለሚለዋወጥ፣ ምርጫዋን ከመሙላቷ በፊት የትምህርት ቤቷን አማካሪ ያነጋግሩ። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሄደው፣ ባለሙያዎቹ ሲሠሩ ለመመልከት ይፈቀድላት እንደሆነ ቢጠይቁላት መልካም ነው።