ከመፍረድሽ በፊት ያወቀውን ጠይቂ

ልጄ፣ «ሮሚዮና ጁልየት»ን አንብበሽ ስትጨርሺ ለሁለቱ አዝነሽ በሌሎቹ ላይ ቂም እንደምትይዢ አውቃለሁ። አባትየው ጨካኝ፣ ሞግዚቷ ከሃዲ፣ መነኩሴው ፈሪ መስለው ይታዩሻል። ሼክስፒር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1590ዎቹ በጻፈው በዚህ ተውኔት ውስጥ ግን እንደ «ኦቴሎ»ው ኢያጎ ያለ ሴረኛ የለም። ብዙዎቹ ለሚወዱት ሰው ደግ ያሰቡ ናቸው። ታዲያ ያ ሁሉ ሞት ከየት መጣ? መልሱን ራስሽ እንድትደርሺበት እንዲህ እመክርሻለሁ።

1. ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጥያቄ አቅርቢ። በዚያ ሰዓት ምን ፈለገ? በዚያ ሰዓት ምን ያውቅ ነበር? አንቺ ፍቅረኞቹ እንደሚሞቱ ከመቅድሙ ጀምሮ ታውቂያለሽ። እነሱ አያውቁም። አንቺ የምታውቂውን ባለማወቃቸው ብትወቅሻቸው ፍርደ ገምድል ትሆኛለሽ።

2. ሮሚዮ ቀድሞ የወደዳትን ሮዛሊንን አትዝለያት። ሮሚዮ ጁልየትን ባየበት ምሽት እንኳ ወደ ግብዣው የሄደው ሮዛሊንን ፍለጋ ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ «ፍቅሩ ቀላል ነው» ይላል። ሮዛሊን ግን በመድረኩ ላይ አንድ ቃል አትናገርም፤ ሮሚዮ ብቻውን ነበር የሚቃትተው። ጁልየት መለሰችለት። የነገሩን መፍጠን ፈርታ የተናገረችውም፣ ሐሳቡ ጋብቻ እንደሆነ በግልጽ የጠየቀችውም እሷ ናት። ገና 14 ዓመት አልሞላትም። ሼክስፒር ታሪኩን ባገኘበት በአርተር ብሩክ የ1562 ግጥም ወደ 16 የተጠጋች ነበረች። ዕድሜዋን ዝቅ ያደረገው እሱ ነው፤ ማስተዋሏንም ጭንቀቷንም በዚህ ዕድሜ መዝኚው።

3. የሮሚዮን ሰይፍ ከመኮነንሽ በፊት የወዳጁን የመርኩሺዮን አሟሟት ደጋግመሽ አንብቢ። ሮሚዮ በዚያው ቀን ከጠላት ቤተሰብ የሆነችውን ጁልየትን በምሥጢር አግብቷል። ቲባልት ሲሰድበው በለሰለሰ ቃል የመለሰለት አሁን የሚስቱ ዘመድ ስለሆነ ነው። ይህን ግን አደባባዩ ላይ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ለመርኩሺዮ የታየው የወዳጁ ውርደት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ፈንታ ሰይፍ መዘዘ። ሮሚዮ ሊገላግል መሐል ሲገባ ቲባልት በክንዱ ሥር አሾልኮ መርኩሺዮን ወጋው። ወዳጁ ምክንያቱን ሳያውቅ ሞተ። ሮሚዮ ቲባልትን የገደለው ሐዘንና ኀፍረት አንድ ላይ ወድቀውበት ነው። ያን ምሥጢር አንድ ሰው ጮክ ብሎ ተናግሮት ቢሆን ሁለቱም ሰይፎች ወደ አፎታቸው ሊመለሱ ይችሉ ነበር።

4. የጁልየትን የመጀመሪያ ቃል ብቻ ይዘሽ አትቅሪ። ባሏ የአጎቷን ልጅ መግደሉን ስትሰማ ረገመችው። ሞግዚቷ አብራ ስትረግመው ግን ለባሏ ተቆረቆረች፤ አፏን ከፍታ ስለተናገረችውም ራሷን ወቀሰች። ሰው በድንጋጤ የሚናገረውና ከድንጋጤው ሲመለስ የሚመርጠው ይለያያሉ። ጠባዩን የሚነግርሽ ሁለተኛው ነው። ሮሚዮ በበኩሉ በመነኩሴው ክፍል መሬት ላይ ወድቆ ያለቅሳል፣ ራሱንም ሊወጋ ይነሳል። የሁለቱን ጽናት እዚህ ላይ አስተያዪ።

5. በትልልቆቹ ላይ ስትፈርጂ አትቸኩዪ፤ ነጻም አታውጫቸው። ካፑሌት በመጀመሪያ ልጁን ለትዳር የጠየቀውን ፓሪስን «ሁለት ዓመት ታገሥ፣ ልቧንም አግኝ» ያለ አባት ነው። ኋላ ሠርጉን ለሐሙስ የቆረጠው ልጁ የምታለቅሰው ለቲባልት መስሎት፣ ትዳር ያጽናናታል ብሎ ነው። እምቢታዋን እንደ ውለታ ቢስነት ቆጥሮ ከቤት ሊያባርራት ዛተ። ለምን እንደምታለቅስ ግን ተቀምጦ አልጠየቃትም። እናቷም ፊቷን አዞረችባት። ጡት ያጠባቻት ሞግዚቷም «ፓሪስን አግቢ» አለቻት። ጁልየት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የልቧን ለማንም የቤቷ ሰው አልነገረችም። መነኩሴው የሰጣትን፣ 42 ሰዓት እንደ ሬሳ የሚያስተኛውን መድኃኒት የጠጣችው የምታማክረው ሰው በቤቷ ስላጣች ነው።

6. ሁሉን በዕድል ላይ አትጫኚ። የመነኩሴው የአባ ሎሬንስ ደብዳቤ ሮሚዮ በግዞት ወደሄደበት ማንቱዋ ያልደረሰው፣ ይዘውት የሄዱት ሌላ መነኩሴ በወረርሽኝ ጥርጣሬ ቤት ተዘግቶባቸው ስለቀሩ ነው። ይህ ክፉ አጋጣሚ ነው። ሁለቱን ጠበኛ ቤተሰቦች ለማስታረቅ የታሰበ ጋብቻ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲንጠለጠል ያደረገው ግን በድብቅ መፈጸሙ ነው። በብሩክ ግጥም ወራት የፈጀውን ታሪክ ሼክስፒር ከእሑድ እስከ ሐሙስ ንጋት አጠረው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ የፈሰሰው ግን አይለቀምም።

7. አሁን መጽሐፉን እንደገና ክፈቺው። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን ብታገኚ ጮክ ብለሽ አንብቢው። አንድ ሰው ምረጪና እሱ የሌለባቸውን ትዕይንቶች እየዘለልሽ ሂጂ። ካፑሌትን ብትከተዪ ልጁ ማግባቷን የምትሰሚው እንደ እሱ መቃብሩ ውስጥ፣ ሬሳዋ ፊት ቆመሽ ነው። ያን ጊዜ ቁጣው ከየት እንደመጣ ይገባሽና ታዝኚለታለሽ፤ ጥፋቱንም ከበፊቱ አጥርተሽ ታዪዋለሽ።

ይህን ልማድ ከመጽሐፍ ውጭም ያዢው፣ ልጄ። የምትወጂው ሰው ሲቆጣሽ ወይም ሲርቅሽ፣ ያላወቀው ነገር እንዳለ ጠይቂው፤ አንቺም ያለሽን ሳትደብቂ ንገሪው።