ያለ መሪ ስለሚነበብ ወለል
(በሮድስ ደሴት ስለሚገኘው የፈረሰኞች ቤተ መንግሥት)

ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ በ21ኛው ምዕራፍ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ከኤፌሶን ሽማግሌዎች ተሰናብቶ ወደ ኢየሩሳሌም ስለ ሄደበት ጉዞ ሲጽፍ፣ መርከቢቱ በመጀመሪያ ወደ ቆስ፣ በማግሥቱም ወደ ሩድ እንደ ደረሰች ይናገራል። ስለ ሁለቱ ደሴቶች ከዚህ በላይ አንድ ቃል አይጨምርም፤ አንባቢም አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን ብቻ ጠርቶ ያልፋቸዋል። እኛ ግን በእነዚህ በሁለቱ ስሞች መካከል ስላለው ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደናል። በመጽሐፋችን ሩድ ተብላ የተጻፈችው፣ ዛሬ ሮድስ የምትባለው ደሴት፣ የቆስን ወለል በቤተ መንግሥቷ ውስጥ ይዛ ትገኛለችና። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናል።

የሮድስ አሮጌው ከተማ በግንብ የታጠረ ነው። የፈረሰኞች መንገድ በሚባለው፣ በድንጋይ በተነጠፈው ጎዳና ሽቅብ የወጣ መንገደኛ በመጨረሻ ሁለት ታላላቅ ግንቦች በግራና በቀኝ ከሚጠብቁት በር ፊት ይደርሳል። ይህ ቤት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የተባሉት፣ ምንኵስናንና ወታደርነትን አንድ ያደረጉ የላቲን ማኅበርተኞች፣ በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ለማኅበራቸው አለቃ የሠሩት ነው። በበሩ የመግቢያ ትኬት ይሸጣል። ትኬቱን የቈረጠ ሰው መሪ ካልቀጠረ በቀር ብቻውን ይገባል፤ በወደደው ክፍል የወደደውን ያህል ይቆማል፣ ያልወደደውን ዘልሎ ያልፋል፤ ና ብሎ የሚጎትተው፣ ጊዜ አለፈ ብሎ የሚያስቸኵለው የለም።

ይህ አርነት መልካም ነው፤ ነገር ግን ፈተና አለበት። በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው የሀገራችን ሰው ጃንደረባው፣ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ ለፊልጶስ የሰጠውን መልስ ሁላችን እናውቀዋለን። ጃንደረባው ፊደሉን አላጣም፤ ንባቡንም አላጣም። ያጣው ነቢዩ ስለ ማን እንደ ተናገረ የሚነግረውን ነው። በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ብቻውን የቆመ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ዓይን አለው፣ ብርሃን አለ፣ ሥዕሉም ከእግሩ በታች ተዘርግቷል፤ ሥዕሉ የማን እንደ ሆነና ከወዴት እንደ መጣ ግን ዓይን አይነግረውም።

ምሳሌ እናምጣ። ከክፍሎቹ በአንዱ ወለል መካከል ጠጕሯ እባብ የሆነ የሴት ራስ ትታያለች። ይህች ግሪኮች በተረታቸው ሜዱሳ የሚሏት፣ ያየችውን ሁሉ ድንጋይ ታደርጋለች ብለው የሚያወሩላት ናት፤ ክፉ ነገር ወደ ቤት እንዳይገባ ታስፈራራለች በማለት በወለልና በበር ላይ ይሥሏት ነበር። (በእኛም ሀገር በክታብ ላይ ትልልቅ ዓይን የሚሥሉ ሰዎች አሳባቸው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ይህን ግን ለሌላ ጊዜ እንተወው።) እንግዲህ ያለ መሪ የገባው ተመልካች ግድግዳውን አይቶ፣ ወለሉንም አይቶ፣ «እነዚህ የመጥምቁ የዮሐንስ ማኅበርተኞች ነን ባዮች በቤታቸው መካከል የአረማውያንን ተረት አነጠፉ» ብሎ ቢፈርድባቸው ማን ይመልሰዋል? ፍርዱ ግን ሐሰት ነው። ፈረሰኞቹ ያችን ሴት በዚያ ቤት ከቶ አላዩአትም። እነርሱ ደሴቲቱን ለቀው ከሄዱ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ነው የገባችው።

በጉባኤ ቤት መምህራችን መጽሐፍ ሲያስጀምሩን አስቀድመው ንባቡን ያስቀኑን ነበር። ከዚያም ጸሐፊው ማን ነው፣ በማን ዘመን ጻፈ፣ ለማን ጻፈ የሚለውን መቅድም ይነግሩናል፤ አንድም እያሉ ምሥጢሩን የሚያወርዱት ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። መቅድሙን ያልሰማ ተማሪ ወደ አንድምታው ቢሮጥ፣ የዳዊትን ቃል ለሰሎሞን ሰጥቶ ያርፋል። ቤትም እንዲሁ መቅድም አለው። የዚህን ቤት መቅድም በአጭሩ እንበል።

ፈረሰኞቹ ሮድስን የያዙት በ1309 ነው። ከእነርሱ በፊት በዚያው ስፍራ የቢዛንጥያ ነገሥታት ምሽግ ነበረ። በ1522 የቱርክ ንጉሥ ሱሌይማን ደሴቲቱን ከብቦ ያዘ፤ ፈረሰኞቹም በአዲሱ ዓመት መግቢያ ለቀው ወጡ። በቱርኮች ዘመን ቤቱ ወኅኒ ሆነ። በ1856 በአቅራቢያው በነበረው በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከማችቶ ተረስቶ የኖረ ባሩድ በመብረቅ ተቃጥሎ ቤተ ክርስቲያኑን አጠፋው፤ ብዙ ሕዝብም ፈጀ፤ የቤተ መንግሥቱም ላይኛው ክፍል ፈረሰ። ከፈረሰኞቹ እጅ የተረፈው ይልቁንም የታችኛው ክፍል ነው። በ1912 ኢጣሊያኖች ደሴቶቹን ከቱርክ ወሰዱ፤ ከ1937 እስከ 1940 ድረስም ቪቶሪዮ መስቱሪኖ በተባለው የሕንፃ መሐንዲስ ቤቱን እንደ ገና ሠሩት። ዛሬ ሰው በአድናቆት የሚመለከተው ላይኛው ፎቅ አብዛኛው የእነርሱ ሥራ፣ አንዳንዱም ግምታቸው ነው። በክፍሎቹ ያሉት ወንበሮችና ሣጥኖች ከምዕራብ አገሮች መጥተው የተደረደሩ ናቸው። በእባቦች ተይዘው የሚጨነቁት የላኦኮዖንና የልጆቹ ምስልም ግልባጭ ነው፤ ዋናው፣ የሮድስ ሰዎች የቀረጹት፣ በ1506 በሮም ከመሬት ተቈፍሮ ወጥቶ በቫቲካን ይገኛል።

ወለሉስ? ወለሉ ከሁሉ ይልቅ ጥንታዊ ነው፤ ለዚህ ቤት ግን ከሁሉ ይልቅ እንግዳ ነው። በ1933 የቆስን ከተማ ጽኑ የመሬት መናወጥ አፈረሳት። ፍርስራሹ ሲነሣ ከሥሩ ጥንታዊቱ ከተማ ተገለጠች፤ ኢጣሊያኖችም ሰፊ ቍፋሮ አደረጉ። ከዚያ ከተገኙት የወለል ሥዕሎች ብዙዎቹ ተነቅለው፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በባሕር ተጭነው በሮድስ ቤተ መንግሥት ተነጠፉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የግሪኮችና የሮማውያን ባለጸጎች ቤት ወለል ነበሩ፤ ዘጠኙ ሙሴዎች የሚባሉት የኪነት አማልክቶቻቸው፣ በባሕር ፈረስ የተቀመጠችውም ሴት ከዚህ ወገን ናቸው። ሌሎቹ ግን በአምስተኛውና በስድስተኛው መቶ ዓመት የታነጹ የክርስቲያኖች አብያተ ክርስቲያናት ወለል ነበሩ።

የእኛ አንባቢ ቆም እንዲል የምንሻው በዚህ ላይ ነው።

በሀገራችን ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ሥዕል አይሣልም፤ ቄጤማ ይጐዘጐዝበታል፣ ምንጣፍ ይነጠፍበታል፣ ጫማም ይወለቅበታል። ስለዚህ የጥንቶቹ የባሕር ማዶ ክርስቲያኖች ወለላቸውን ማስጌጣቸው እንግዳ ይመስለናል። ነገር ግን ምን እንደ ሣሉ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳልሣሉም እንመልከት። ሐረግና ቅጠል፣ አዕዋፍ፣ ዓሣ፣ ጽዋ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጕንጕን ይሥላሉ፤ የጌታን መልክ፣ የእመቤታችንን መልክ፣ የሐዋርያትን መልክ በእግር በሚረገጥ ስፍራ ማኖር ልማዳቸው አልነበረም። ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ በ427 የመስቀል ምልክት በወለል ላይ እንዳይቀረጽና እንዳይሣል፣ የተሣለም ቢገኝ እንዲነሣ በሕግ አዘዘ። እንግዲህ የቅዱሳን ሥዕል በግድግዳና በመቅደሱ ቅስት ላይ፣ የምድር ፍጥረት ደግሞ በምድር ላይ ሆነ። የቆመው ምእመን ከእግሩ በታች ፍጥረቱን፣ ከዓይኑ ፊት ፈጣሪውን እያሰበ ይጸልያል። ይህን ያሰበ መምህር ደብተራ ቢሆን ኖሮ በቅኔው ባስደነቀን ነበር፤ እርሱ ግን በድንጋይ ጻፈው።

ሥራውም ቀላል አይደለም። አስቀድሞ ምድሩ ይደለደላል፤ ጠጠር ይነጠፋል፤ በላዩም ኖራና የተፈጨ ሸክላ ተለውሶ ይለሰናል፤ የመጨረሻው ልስን ሳይደርቅ እንደ ጥርስ ትናንሽ ሆነው የተጠረቡ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይና ብጫ ድንጋዮች አንድ በአንድ ይተከሉበታል። በእንዲህ ያሉ ወለሎች ላይ አንዳንድ ጊዜ ወለሉን ያሠራው ሰው ስእለቱን እንደ ፈጸመ የሚናገር ጽሕፈት ይገኛል፤ በእኛ ሥዕሎች ግርጌ የአሣሣዩ ስም ከነተማሕፅኖው እንደሚጻፍ ማለት ነው። ለመንቀል ሲፈለግ ደግሞ ጨርቅ በሙጫ ከፊቱ ላይ ይለጠፍበታል፤ ከሥሩ ልስኑ ይቈረጣል፤ በቍራጭ በቍራጩ ተነሥቶ በሌላ ስፍራ በስሚንቶ ይተከላል። ሥዕሉ ይሄዳል፤ ልስኑና ምድሩ ይቀራል። መቅደሱ በየት በኩል እንደ ነበረ፣ ሕዝቡ ፊቱን ወደ የት መልሶ እንደ ቆመ፣ አዳራሽ ውስጥ የተተከለው ቍራጭ ብቻውን አይነግረንም።

ይህ ሁሉ የተደረገው ለምንድር ነው? በዚያ ዘመን የደሴቶቹ ገዥ፣ ከዚያ ቀደም የኢጣሊያን ሶማሌን የገዛው ቼዛሬ ማሪያ ደ ቬኪ ነበረ። ቤቱ የታደሰውም ለኢጣሊያ ንጉሥ ለቪክቶር አማኑኤልና ለሙሶሊኒ ማረፊያ እንዲሆን ታስቦ ነው፤ የሙሶሊኒን ስም የያዘው የእብነ በረድ ጽሕፈት ዛሬም በመግቢያው አጠገብ ይነበባል። ያ ንጉሥ ከ1936 ጀምሮ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ይል የነበረው መሆኑን አንባቢያችን አይረሳውም። የቆስ አብያተ ክርስቲያናት ወለል የሚረገጥበት አዳራሽ መታደስ በጀመረበት በ1937 የአክሱም ሐውልት ተቈራርጦ ወደ ሮም ተጓዘ። እንግዲህ እኛ የአክሱም ልጆች በዚያ አዳራሽ ስንቆም ነገሩ ተረት አይሆንብንም። ሐውልቱን የወሰደውና ወለሉን የነቀለው መንግሥት አንድ ነው፤ አሳቡም አንድ ነው፤ የጥንቱን ክብር አንሥቶ ለራሱ ክብር ምንጣፍ ማድረግ።

ሆኖም ለፍርድ አንቸኵል። ሐውልቱ ከባለቤቱ ከሀገራችን ተወስዶ ወደ ባዕድ አገር ሄደ። የቆስ ወለል ግን ከአንዲቱ ደሴት ወደ ሁለተኛይቱ ተሻገረ እንጂ ከወገኖቹ አልራቀም፤ ዛሬ ሁለቱም የግሪክ ናቸው። የሚያስደንቀው፣ የካቲት 10 ቀን 1947 በፓሪስ የተፈረመው አንዱ የሰላም ውል በ14ኛው አንቀጽ ደሴቶቹን ለግሪክ ሰጠ፤ በ37ኛው አንቀጽ ደግሞ ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አዘዘ። ሐውልቱ ግን የተመለሰው በ2005፣ የተተከለውም በ2008 ነው። ደግሞም ሜዳ ላይ የተተወ ወለል በዝናብና በሣር ሥር ይፈራርሳል፤ ከጣራ በታች በመኖሩ ተጠብቋል የሚል ሰው ቢኖር ሐሰት ተናገረ አንለውም። ነገር ግን ማስጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ የሙሴዎቹን ወለልና የቅዳሴውን ወለል ሳይለዩ ለአንድ ግብር ቤት ማስጌጫ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ካህን የሆነ ሰው በዚያ ቢገኝ ምን ያድርግ ብለው ይጠይቁን ይሆናል። ጫማውን ያውልቅን? ሙሴ ጫማህን አውልቅ የተባለው ስለ ድንጋዩ አይደለም፤ በዚያ ስለ ተገለጠው ነው። መሠዊያው ከፈረሰ፣ ድንጋዩም ከስፍራው ከተነሣ፣ ወለሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ይከበር የሚል ሥርዓት እኛ አናውቅም፤ ስለዚህ ለወለሉ የሚሰግድ ሰው ከሥርዓት ይወጣል። እንደ ማንኛውም የቤት ንጣፍ የሚረግጠው ግን ከሥርዓት ባይወጣም ከትሕትና ይወጣል። እኛ የመረጥነው ዳር ዳሩን መሄድና በዚያ ቆመው ለቀደሱት፣ ላስቀደሱትም፣ ስማቸውን እግዚአብሔር ለሚያውቃቸው፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልብ መድገም ነው። ትኬቱ ይህን አይከለክልም፤ የሚያስቸኵል መሪም የለም።

ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው አስቀድሞ በምድር ቤቱ ያሉትን፣ አንዱ ስለ ጥንታዊት ሮድስ፣ ሁለተኛው ከአራተኛው መቶ ዓመት እስከ 1522 ስላለው ዘመን የተዘጋጁትን ሁለት ትርኢቶች ቢያይ መቅድሙን ያገኛል። ሰው ግን ብዙ ጊዜ ደረጃውን ወጥቶ ከሜዱሳ ይጀምራል።

የሁለት ቀን ዕረፍት ያለው ደግሞ በመርከብ ወደ ቆስ ይሻገር፤ የቅዱስ ጳውሎስን መንገድ ወደ ኋላ ይሄዳል ማለት ነው። በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ፣ ኬፋሎስ በሚባለው ስፍራ፣ ከባሕሩ ዳር በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የሚጠሩ የሁለት ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ፍርስራሽ አለ። ጥቂት ዓምዶች ቆመዋል፤ ከወለሉም ሥዕል ሳይነቀል በስፍራው የቀረ አለ፤ ለጥበቃ ጠጠር ስለሚለብስ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። የመቅደሱ ግማሽ ክብ ግድግዳ ግን በግልጥ ይለያል፤ ወደ ምሥራቅም ይመለከታል። ለመግባት ትኬት አይጠየቅም።