የተቸገረ ሰው ፊት አማና ነው

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባል፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፦

ድኾችን በበጎ ፈቃድ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! የዛሬው ትምህርታችን በየኪሳችን ስለያዝነው የእጅ ስልክና በፌስቡክ፥ በቴሌግራም፥ በቲክቶክ ስለምናሰራጨው ፎቶግራፍ ነው። የጥንት ሰው ሰደቃ በሰጠ ጊዜ የሚያየው ጎረቤቱ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በአንዲት ባልቴት ደጃፍ የተነሣ ፎቶግራፍ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሺህ ሰው ዓይን ፊት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ወሰኑን ማወቅ ግዴታችን ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በአል-በቀራህ ምዕራፍ በ271ኛው አንቀጽ ምጽዋትን መግለጽ መልካም እንደ ሆነ፥ ሰውሮ ለድኾች መስጠት ግን የበለጠ እንደ ሆነ ያስተምረናል። አንዳንድ ሰዎች የአንቀጹን መጀመሪያ ብቻ ይዘው፥ «መግለጽ ከተፈቀደልን ፎቶግራፍ ብናወጣ ምን ነውር አለው?» ይላሉ። መልሱ ይህ ነው፤ እንዲገለጽ የተፈቀደው የሰጪው ሥራ ነው እንጂ የተቀባዩ ችግር አይደለም። ዱቄቱ የሰጪው ነበርና ስለ ዱቄቱ መናገር ይችላል። የድኻው ፊት፥ ስሙ፥ ቤቱና ሕመሙ ግን የድኻው ናቸው፤ ለእኛ የታዩን በአማና ነው።

በዚያው ምዕራፍ በ264ኛው አንቀጽ መመጻደቅና ማስከፋት ሰደቃን እንደሚያበላሹ ተነግሮናል። በ273ኛው አንቀጽም ከልመና ስለሚቆጠቡ ለማያውቃቸው ሰው ሀብታም ስለሚመስሉ ድኾች ተወስቷል። እንዲህ ያለው ሰው ክብሩን ዘመኑን ሙሉ በትዕግሥት ጠብቆ የኖረ ነው፤ በአንድ ፎቶግራፍ ብንገፈው ከሰጠነው ዱቄት የወሰድንበት ይበልጣል።

ጉዳቱም በኀፍረት ብቻ አያበቃም። የቲም ልጅ ርዳታ ሲቀበል የታየበት ፎቶግራፍ በትምህርት ቤት ጓደኞቹ እጅ ይገባል። ከሚደበድባት ባል ሸሽታ የተጠለለች ሴት፥ ከበስተኋላዋ የመስጊዱ ሚናራ ወይም የሱቁ ሰሌዳ ስለ ታየ ብቻ መሸሸጊያዋ ይታወቅባታል። አታላይም የበሽተኛውን ፎቶግራፍ ወስዶ ከሥሩ የራሱን የባንክ ቁጥር ጽፎ ገንዘብ ይሰበስብበታል። ያወጣው ሰው ተጸጽቶ ቢሰርዘው እንኳ በሌሎች እጅ የቀረውን ሊመልሰው አይችልም።

«ለጋሾች ማስረጃ ይፈልጋሉ» የሚል ይኖራል። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ የሰው ገንዘብ የያዘ ሁሉ ሒሳብ ማቅረብ አለበትና። ነገር ግን ማስረጃው ሒሳብ ነው እንጂ የድኻ ፊት አይደለም። ዱቄቱ በኩንታል፥ ዘይቱ በሊትር፥ ደረሰኙ ከነማኅተሙ፥ የተረዱት ቤተ ሰቦች ቁጥርና የተደረደረው ጆንያ ይታይ። የስም መዝገቡን ግን የታመኑ ተቆጣጣሪዎች ብቻ ይመርምሩት እንጂ በቴሌግራም ቡድን አይዙር። እ.ኤ.አ. በ1994 የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ከሌሎች የርዳታ ድርጅቶች ጋር ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብም በ10ኛው ነጥቡ፥ በአደጋ የተጎዱ ሰዎች በማስታወቂያ ሥራ ሁሉ ክብር ያላቸው ሰዎች ሆነው እንዲታዩ ይጠይቃል።

ሌላው ደግሞ «ፈቅዳልኛለች» ይላል። አገልጋይ ሆይ! ጆንያው ገና በእጅህ ሳለ የምትጠይቀው ፈቃድ ፈቃድ አይባልም፤ የተራበ ሰው እንቢ ለማለት አቅም የለውምና። አስቀድመህ ስጥ። የግድ ካስፈለገህ በሌላ ቀን ባዶ እጅህን ተመልሰህ ጠይቅ፤ ፎቶግራፉ ወዴት እንደሚሄድ አስረዳ፤ እንቢ ብትል የሚቀርባት ነገር እንደሌለ ንገራት። ሕፃን ግን የሚመጣውን አያውቅምና አሳዳጊው ቢፈቅድ እንኳ ፊቱን መተው ይሻላል። የተቸገረ ሰው በስልክ የጻፈልህን ምስጢር ለሌላ አታስተላልፍ። ከሴቶችና ከልጆች ጋር የምትጻጻፈውም በማኅበሩ ስልክና በኃላፊው ዕውቀት ይሁን እንጂ በግል አድራሻህ በስውር አይሁን።

የሑሰይን ልጅ ዐሊይ፥ ዘይኑል ዓቢዲን የተባሉት፥ በመዲና ሌሊት ሌሊት ዱቄት በጀርባቸው ተሸክመው ለድኾች ያደርሱ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ድኾቹ ምግቡ ከማን እንደሚመጣ አያውቁም ነበር፤ ያወቁት እርሳቸው በ94 ዓመተ ሂጅራ ገደማ ከሞቱ በኋላ ምግቡ በተቋረጠ ጊዜ ነው። ገላቸው ሲታጠብም የሸክሙ ምልክት በጀርባቸው ላይ እንደ ተገኘ ተዘግቧል።

እንግዲህ ስልክህን ቤት ትተህ እንድትሄድ ብትታዘዝ ያው ጆንያ ይከብድህ እንደ ሆነ ነፍስህን ጠይቃት፤ ኒያህ በዚያ ይታወቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሙስሊም ወንድሙን ነውር የሸፈነ ሰው አላህ በዱንያም በአኺራም እንደሚሸፍንለት አስተምረዋል፤ ሙስሊምም ይህን ዘግበዋል። የድኻን ችግር መሸፈንማ ምንኛ የተገባ ነው!

አላህ ሆይ! ሥራችንን ከይዩልኝ አጥራልን፤ የታመንበትን እንድንጠብቅ እርዳን፤ ነውራችንንም ሸፍንልን። ኣሚን።