ሎሚና አቼቶ ለፊት ቆዳ ይስማማሉን?

ሎሚና አቼቶ ለምግብ መዋላቸው ፊትን ለማጽዳትም እንደሚስማሙ አያረጋግጥም። የጤናማ ቆዳ ገጽ ፒኤች 5 ገደማ ሲሆን የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 ገደማ ነው። ፒኤች በአንድ አሃድ ሲቀንስ አሲድነት በ10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ ጭማቂው ከቆዳ ገጽ በ1,000 እጥፍ ያህል አሲዳማ ነው። ይህን የመሰለ አሲድ የቆዳን መከላከያ ሽፋን ሊጎዳ ይችላል፤ ያልተበረዘ አቼቶም ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል።

በሎሚ ውስጥ የሚገኙት ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውህዶች ደግሞ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ቆዳን ሊያቆስሉና ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተዉ ይችላሉ። ማድያት ለማጥፋት የተቀባ ሎሚ ሌላ ጥቁረት ሊያተርፍ ይችላል ማለት ነው።

ለፊት ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል፤ ሎሚ የነካው ቆዳም ፀሐይ ሳያገኘው በሳሙና ይታጠብ።