ሞርዴካይ ጆንሰን፦ ኳስ ተጫዋች፣ ሰባኪና አስተማሪ

ዛሬ በአሜሪካ አገር ስለኖረ አንድ ጥቁር አስተማሪ እናነባለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሞርዴካይ ጆንሰን በ1890 ቴነሲ በሚባል ክፍለ ሀገር ተወለደ። አባቱ ባሪያ ሆኖ ተወልዶ፣ ባርነት በ1865 በሕግ ሲሻር ነጻ የወጣ ሰው ነው። ሳምንቱን ፋብሪካ እየሠራ እሑድ እሑድ ይሰብክ ነበር። ሃይማኖቱ ባፕቲስት የሚባለው የፕሮቴስታንት ወገን ነው።

ልጁ አትላንታ ከተማ የጥቁሮች ኮሌጅ ገባ። እዚያም ፉትቦል ተጫወተ። የአሜሪካኖች ፉትቦል እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅ ትያዛለች፣ ትወረወራለች። የያዛትን ሰው ተጋጣሚው ጎትቶ ይጥለዋል። ሞርዴካይ ጨዋታውን የሚመራው፣ ኳሷን ለማን ልስጥ ብሎ የሚወስነው ተጫዋች ነበር። በ1911 ተመረቀና እዚያው አስተማረ። በኋላም እንደ አባቱ የባፕቲስት ሰባኪ ሆነ።

በ1926 ዋሽንግተን ከተማ የሚገኘውን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እንዲመራ ተመረጠ። ዩኒቨርሲቲው በ1867 ሲመሠረት ጀምሮ በቋሚነት የመራው ጥቁር አልነበረም። የአገራችን ሰው ሐኪሙ መላኩ በያንም ሕክምና የተማረው በጆንሰን ዘመን በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ አገር ደቡባዊ ክፍል ጥቁር ልጅ ከነጭ ልጅ ጋር አንድ ትምህርት ቤት እንዳይማር ሕጉ ራሱ ይከለክል ነበር። ታዲያ በሕግ የተዘጋ በር በምን ይከፈታል? ሕግ በሚያውቅ ሰው ነዋ!

የሃዋርድ የሕግ ትምህርት ቤት ግን የሚያስተምረው ማታ ማታ ብቻ ነበር። ጆንሰን በ1929 ቻርልስ ሂውስተን የተባለ ጠበቃ ትምህርት ቤቱን እንዲመራ አደረገ። የማታው ቀርቶ ትምህርቱ ሙሉ ቀን ሆነ። ብዙዎች ቅር አላቸው። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ድሃ የት ይሂድ? ማታ ማታ ፊደል ያስቆጠርን ሰዎች ነንና ቅሬታቸው ይገባናል። ቢሆንም በዕውቀት የበሰለ ጠበቃ በትርፍ ሰዓት ብቻ አይወጣም ብለው ሁለቱ ጸኑ።

በ1933 ከተመረቁት አንዱ ቱርጉድ ማርሻል ነው። ከመምህሩ ከሂውስተን ጋር ከችሎት ችሎት እየዞሩ ተሟገቱ። በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በቀለም መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ሂውስተን በ1950 ሞቶ ስለነበር ይህን ፍርድ አልሰማም። ጆንሰን ግን ያን ጊዜ ገና በሥራ ላይ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውን 34 ዓመት መርቶ በ1960 ጡረታ ወጣ። በ1976 ሲሞት ዕድሜው 86 ነበር።