የበርሊን ትራምና አውቶቡስ ታሪክ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ ጊዜ አዳዲስ የሆኑባችሁን ቃላት በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በርሊን የጀርመን አገር ርእሰ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው ማለዳ ወደ ሥራው ሲሄድ አንድ ቲኬት ይገዛል። በዚያችው ቲኬት ከቤቱ አጠገብ ትራም ይሳፈራል፤ ከትራሙ ወርዶ ወደ ምድር ውስጥ ባቡር ይገባል፤ ከዚያም ወጥቶ ቀሪውን መንገድ በአውቶቡስ ይጨርሳል። ተሳፋሪው ይህን ነገር ስለለመደው ከቁም ነገር አይቈጥረውም። ነገር ግን ያች አንዲት ቲኬት እስክትገኝ ድረስ ከስድሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ከተገኘች በኋላም ሃያ ዓመት ያህል ቆይታ ጠፋች፤ ተመልሳ የተገኘችው ከአርባ ዓመት መለያየት በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የከተማይቱን ሕዝብ ያመላልሱ የነበሩት ፈረሶች ናቸው። በጁን ወር 1865 ዓ.ም. ከበርሊን ወደ ሻርሎተንቡርግ፣ በዚያን ጊዜ ራሷን የቻለች ከተማ ወደነበረችው ማለት ነው፣ ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ በሐዲድ ላይ መመላለስ ጀመረ። በጀርመን አገር እንዲህ ያለ መጓጓዣ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ሰበቃው አነስተኛ በመሆኑ፣ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ከሚሳበው ሠረገላ ይልቅ በሐዲድ ላይ የሚሄደው ብዙ ሰው ጭኖ በቀላሉ ይጎተታል። ይሁን እንጂ ፈረስ ይደክማል፤ ይታመማል፤ ቢሠራም ባይሠራም ቀለብ ይፈልጋል። አንዱን ሠረገላ ቀኑን ሙሉ ለማንቀሳቀስ ፈረሶቹን በየጥቂት ሰዓቱ መለዋወጥ ግድ ስለነበረ፣ የኩባንያው ባለቤቶች ከሠረገላው ይልቅ ስለ ጋጣው ይጨነቁ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የፈለገው ቬርነር ፎን ሲመንስ የተባለ መሐንዲስና የፋብሪካ ባለቤት ነው። በ1879 ዓ.ም. በበርሊን በተከፈተው ኤግዚቢሽን ላይ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚጎተት አነስተኛ ባቡር ለሕዝብ አሳየ። ጎብኚዎቹ በደስታ ተሳፈሩበት፤ ብዙዎቹ ግን እንደ መጫወቻ ቈጠሩት። ሲመንስ በዚህ ሳይገታ ሜይ 16 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ከበርሊን ወጣ ብላ ትገኝ በነበረችው በሊሽተርፌልደ የዓለምን የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ትራም ሥራ አስጀመረ። መሥመሩ ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ እስከ መኮንኖች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ድረስ የሚደርስ ሆኖ ርዝመቱ ሁለት ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የኤሌክትሪኩ ኀይል የሚተላለፈው ዛሬ እንደምናየው ከላይ በተዘረጋ ሽቦ ሳይሆን በራሱ በሐዲዱ ውስጥ ነው። አንደኛው ሐዲድ የኤሌክትሪኩ መምጫ፣ ሁለተኛው መመለሻ ነበር። ከዚህ የተነሣ መንገዱን የሚያቋርጥ ፈረስ የብረት ጫማው ሁለቱን ሐዲዶች በአንድ ጊዜ ሲነካ በኤሌክትሪክ ይመታና ይደነብር ነበር። ፈረስ ወደፊት ሥራውን የሚነጥቀውን መሣሪያ ከማንም አስቀድሞ የተዋወቀው በእግሩ ነው ለማለት ይቻላል።

በኋላ ሽቦው ከመንገዱ በላይ ተሰቀለና አደጋው ተወገደ። ሌላ ክርክር ግን ተነሣ። በታላላቆቹ አደባባዮችና በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ሽቦ መዘርጋት የከተማይቱን ውበት ያበላሻል የሚሉ ባለሥልጣኖች ነበሩ። እነርሱን ለማስደሰት ሲባል ትራሞቹ በአንዳንድ መንገዶች ላይ በባትሪ እንዲሄዱ ተሞከረ። ባትሪው ክብደቱ ከመጠን ያለፈ፣ የአሲዱም ሽታ ተሳፋሪውን የሚያስቸግር በመሆኑ ሙከራው ብዙ ሳይቆይ ተተወ፤ ውበትም ለሽቦ ቦታውን ለቀቀ። በ1902 ዓ.ም. ገደማ የታላቁ የትራም ኩባንያ መሥመሮች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሆኑ።

በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር የምድር ውስጥ ባቡር ተከፈተ። ከ1868 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረስ የሚጎተቱ ኦምኒቡሶችን ያሠማራ የነበረው ሌላው ኩባንያም በ1905 ዓ.ም. በሞተር የሚሄድ አውቶቡስ አስገባ። እንግዲህ ከተማይቱ ሦስት ዐይነት ማመላለሻ አገኘች ማለት ነው። ሦስቱም ግን የተለያዩ ባለቤቶች የነበሯቸው፣ በአንድ ጎዳና ላይ ለአንድ ተሳፋሪ የሚሻሙ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቲኬት የሚቈርጡ ነበሩ። ሁለት ጊዜ የሚሳፈር ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በከተማይቱ ዳር የሚኖረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድኻው ነው።

በ1920 ዓ.ም. በዙሪያው የነበሩት ከተሞችና መንደሮች ከበርሊን ጋር ተቀላቅለው የሕዝቡ ቍጥር አራት ሚሊዮን ሊሞላ ተቃረበ፤ ትራሞቹም የከተማው አስተዳደር ንብረት ሆኑ። ዳሩ ግን ጊዜው ክፉ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ገንዘብ ዋጋ እያጣ ሄደ። ጠዋት የታተመ የቲኬት ዋጋ ለማታ የማይሆንበት ጊዜ መጣ። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በበርሊን ጎዳናዎች ላይ አንድም ትራም ሳይንቀሳቀስ ዋለ። ድርጅቱ ከስሮ ነበርና በማግሥቱ እንደ አዲስ ተቋቁሞ፣ መሥመሩንም ሠራተኛውንም ቀንሶ ሥራ ጀመረ። ዓመቱ ሳያልቅ የአንድ ጉዞ ቲኬት ዋጋ በቢሊዮን በሚቈጠር ማርክ ይነገር ነበር።

ገንዘቡ ከጸና በኋላ በ1926 ዓ.ም. ኤርንስት ሮይተር የተባለ ሰው የከተማይቱ የመጓጓዣ ጉዳይ ኀላፊ ሆኖ ተመረጠ። ሮይተር በጦርነቱ ጊዜ በሩሲያ ተማርኮ የቆየ፣ ከዚያም ለአጭር ጊዜ የኮሙኒስት ፓርቲ መሪ የነበረ፣ በኋላ ወደ ሶሻል ዴሞክራቶች የተመለሰ ፖለቲከኛ ነው። ሦስቱ ኩባንያዎች እርስ በርስ መፎካከራቸው ለሕዝቡ ጥቅም እንደማይሰጥ አጥብቆ ያምን ነበር። በ1927 ዓ.ም. አንድ ወጥ የመሳፈሪያ ዋጋ ተደነገገ። ይኸውም 20 ፕፌኒግ ሲሆን፣ በዚያው ቲኬት ከአንዱ ማመላለሻ ወርዶ በሌላው መሳፈርን ይፈቅድ ነበር። ቀጥሎም ትራሙ፣ አውቶቡሱና የምድር ውስጥ ባቡሩ በዲሴምበር 1928 ዓ.ም. በአንድ አክሲዮን ማኅበር ተጠቃለሉ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1929 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ይህ ማኅበር በአጭሩ ቤ ፋው ጌ ተባለ። ከዓለም የከተማ ማመላለሻ ድርጅቶችም ታላቁ ለመሆን በቃ።

አንድነቱ ለተሳፋሪው በጀ እንጂ ለሠራተኛው ሁልጊዜ የተመቸ አልነበረም። በኖቬምበር 1932 ዓ.ም. በሥራ አጥነቱ ዘመን ድርጅቱ ከሰዓት ደመወዝ ላይ 2 ፕፌኒግ ለመቀነስ በመወሰኑ ሠራተኞቹ አድማ መቱ። ከተማይቱ ለአምስት ቀን ያህል ያለ ትራምና ያለ አውቶቡስ ቀረች። በሌላ ጊዜ በጠላትነት የሚተያዩት ኮሙኒስቶችና ናዚዎች በዚህ አድማ ጎን ለጎን ቆሙ። ከፖሊስ ጋር በተደረገው ግጭት ሰዎች ሞቱ፤ አድማውም ሳይሳካ ቀርቶ ብዙ ሠራተኞች ከሥራ ተባረሩ።

ናዚዎች በ1933 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዙ ሮይተር ታሰረ። ከእስር ከተፈታ በኋላ ወደ ቱርክ ተሰደደና በአንካራ የከተማ ፕላን ትምህርት አስተማሪ ሆኖ ዘመነ ስደቱን አሳለፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የበርሊን ጎዳናዎች በቦምብ ተደበደቡ። በ1945 ዓ.ም. የጸደይ ወራት፣ ውጊያው ከተማይቱ ውስጥ በገባ ጊዜ፣ ማመላለሻው በሙሉ ቆመ፤ የምድር ውስጥ ባቡሩ ዋሻ ብዙው ክፍል በውኃ ተጥለቀለቀ። የሚያስደንቀው ግን ጦርነቱ ባበቃ በሳምንት ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶችና የምድር ውስጥ ባቡሮች በአንዳንድ መሥመር ላይ እንደገና መታየታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው መለያየት ከቦምቡ ይልቅ ረዥም ዕድሜ ነበረው። ድል አድራጊዎቹ አራት መንግሥታት ከተማይቱን ተከፋፍለው ያስተዳድሩ ነበር። በ1948 ዓ.ም. በምዕራቡና በምሥራቁ ክፍል ሁለት የተለያዩ ገንዘቦች ሲወጡ፣ የከተማው አስተዳደርም ለሁለት ተከፈለ። ትራሙ ግን ድንበሩን አቋርጦ ይሄድ ስለነበር ነገሩ ከባድ ሆነ። ቲኬቱ በየትኛው ማርክ ይከፈል? በመጨረሻ ቲኬት ቈራጩ በድንበሩ ላይ ወርዶ የወዲያኛው ክፍል ቲኬት ቈራጭ እንዲተካው ተደረገ። በኦገስት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ድርጅቱ ራሱ ለሁለት ተከፈለ። በዚህ ጊዜ ሮይተር ከስደት ተመልሶ የምዕራብ በርሊን ከንቲባ ሆኖ ነበር። ሥራዬ ብሎ ያዋሐደው ድርጅት ዐይኑ እያየ ተከፈለ።

በጃንዋሪ ወር 1953 ዓ.ም. ደግሞ ትራሙ በድንበሩ ላይ ቆመ። ለዚህ ምክንያት ሆኖ የቀረበው የሴቶች ነጂነት ነው። ሴቶች በበርሊን ትራም ላይ መሥራታቸው አዲስ ነገር አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ በሄዱ ጊዜ ቲኬት ቈራጭነቱን፣ ነጂነቱንም ጭምር ይዘው ከተማይቱን ያንቀሳቀሱት እነርሱ ናቸው። ወንዶቹ ሲመለሱ ግን ቦታውን እንዲለቁ ተደረገ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ የምሥራቁ ድርጅት ሴቶችን በነጂነት ቀጠረ፤ የምዕራቡ ድርጅት ደንብ ሴት ትራም እንዳትነዳ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ሴት የምትነዳው ትራም ከምሥራቅ መጥታ ድንበሩ ላይ ስትደርስ ማለፍ ተከለከለች፤ የምሥራቁም ወገን ነጂዎቹን አልለውጥም አለ። ሁለቱም ወገኖች ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ አላከኩ። በእርግጥ ጠቡ የመንግሥታት ጠብ ነበር፤ ሴቶቹ ሰበብ ሆኑ። ቢሆንም ደንቡ ሌላ ቢሆን ኖሮ ያ ሰበብ ባልተገኘ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሳፋሪው በድንበሩ ላይ ወርዶ፣ በእግሩ ተሻግሮ፣ በወዲያኛው በኩል ሌላ ትራም ይሳፈርና በሌላ ገንዘብ ሌላ ቲኬት ይገዛ ነበር። ሮይተር በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሞተ። በስሙ የተሰየመ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ዛሬም በከተማይቱ ምዕራባዊ ክፍል ይገኛል።

ሁለቱ ድርጅቶች ከዚያ ወዲያ በተለያየ መንገድ አደጉ። ምዕራብ በርሊን ትራምን የአሮጌ ዘመን ዕቃ አድርጋ በመቍጠር ሐዲዱን እየነቀለች በባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስና በምድር ውስጥ ባቡር ተካችው፤ የመጨረሻዋ ትራም፣ ቍጥር 55፣ በኦክቶበር 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ተሰናበተች። ምሥራቁ ክፍል ግን ትራሙን ጠብቆ አቆየ፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላም ከቼኮስሎቫኪያ የመጡ ታትራ የተባሉ ትራሞችን አሠማራ። በኦገስት 1961 ዓ.ም. የበርሊን ግንብ ከተሠራ በኋላ ሁለት የምዕራቡ የምድር ውስጥ ባቡር መሥመሮች በምሥራቅ በርሊን ሥር ያልፉ ነበር። ለዚህ መተላለፊያ የምዕራቡ ወገን በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል። ባቡሩ ከፍሪድሪሽ ጎዳና ጣቢያ በስተቀር በየጣቢያው ሳይቆም ዝግ እያለ ያልፋል፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ሲመለከቱ የሚያዩት ደብዛዛ መብራትና መሣሪያ የያዘ ዘብ ነበር። ሕዝቡ እነዚህን ጣቢያዎች የሙት መንፈስ ጣቢያዎች ይላቸው ነበር።

በኖቬምበር 9 ቀን 1989 ዓ.ም. ሌሊት ግንቡ ተከፈተ፤ ከሁለት ቀንም በኋላ ከነዚያ ጣቢያዎች አንዱ፣ ያኖቪትስብሩከ የተባለው፣ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ሁለቱ ድርጅቶች በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዓ.ም. እንደገና አንድ ሆኑ። ሐዲድ ግን እንደ ውል በፊርማ አይቀጠልም። የተቀላቀለው ድርጅት አሠራሩን፣ የሠራተኛውን ደመወዝና ደረጃ ሲያስማማ ዓመታት አለፉ፤ በፖትስዳመር አደባባይ ሥር የተቋረጠው የምድር ውስጥ ባቡር መሥመርም በ1993 ዓ.ም. ተገናኘ። ትራም ወደ ምዕራቡ ክፍል የተመለሰው በኦክቶበር 14 ቀን 1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያለፈበትም ቦታ በቦርንሆልመር ጎዳና ላይ ያለው ድልድይ ነው። በ1989 ዓ.ም. ሌሊት ሕዝቡ ከሁሉ አስቀድሞ የተሻገረው በዚሁ ድልድይ ነበር። ከ190 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የበርሊን የትራም መሥመር እስከ ዛሬ አብዛኛው በቀድሞው ምሥራቅ በርሊን ይገኛል። በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ተሳፋሪ ግን አይወርድም፤ ቲኬቱንም አይለውጥም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

በ1927 ዓ.ም. የወጣው አንድ ወጥ የመሳፈሪያ ዋጋ ይበልጥ የጠቀመው የትኛውን የኅብረተሰብ ክፍል ነው? ምክንያታችሁን ከምንባቡ ጥቀሱ።

ትራሙ በ1953 ዓ.ም. በድንበሩ ላይ የቆመበትን ሰበብና እውነተኛውን ምክንያት ለይታችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

“ውበትም ለሽቦ ቦታውን ለቀቀ” የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?

ሰበቃ፣ ሰበብ፣ አላከከ፣ ደነበረ በሚሉት ቃላት የየራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።