አጥንት ምን ይመሰክራል? የድንቅነሽ ስብራቶችና የፎረንሲክ ሳይንስ ትምህርት

የዐይን ምስክር የሌለው ሞት ሲያጋጥም መርማሪዎች የሚጠይቁት አስከሬኑን ነው። ሥጋው ጠፍቶ አጽም ብቻ ከቀረ ደግሞ ጥያቄው ለአጥንት ይቀርባል። ሳይንስን ለፍትሕ ምርመራ የሚያውሉት የፎረንሲክ ባለሙያዎች ከአጽም የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቁመትና የደረሰበትን ጉዳት ለማወቅ ይጥራሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው በመጨረሻው ላይ ነው። አንድ ስብራት መቼና እንዴት እንደደረሰ በምን ይታወቃል? ስብራቱ ከታወቀስ የሞቱ ምክንያት ታወቀ ማለት ነውን? ለዚህ ምሳሌ የምናደርገው ሁላችንም የምናውቃትን ድንቅነሽን፣ በሌላ ስሟ ሉሲን፣ ነው።

እርጥብ አጥንትና ደረቅ አጥንት

ከሕያው አጥንት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ካልሲየምና ፎስፎረስ ያለበት ማዕድን ነው፤ ጥንካሬውን የሚሰጠው እርሱ ነው። የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲንና ውኃ ሲሆን አጥንቱ ሳይሰበር ጥቂት እንዲተጣጠፍ ያስችለዋል። ነገሩ ከአርማታ ጋር ይመሳሰላል፤ ኮንክሪቱ ጭነትን ሲሸከም ፌሮው መለጠጥን ይቋቋማል። ከሞት በኋላ ግን ውኃው ቀስ በቀስ ይተናል፤ ኮላጅኑም ይፈርሳል። የሚቀረው ጠንካራ ነገር ግን ተሰባሪ የሆነው ማዕድን ነው።

እርጥብ ቅርንጫፍና ደረቅ ጭራሮ ለመስበር የሞከረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። እርጥቡ በመጀመሪያ ይጎብጣል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ ስንጥሩም ሳይለይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ደረቁ ግን ሳይጎብጥ በአንድ ጊዜ ቀጭ ይላል። አጥንትም እንዲሁ ነው። በዚህ መሠረት ባለሙያዎች ስብራትን በሦስት ይከፍሉታል።

የመጀመሪያው ከሞት በፊት የደረሰ ስብራት ነው፤ አጥንቱ መጠገን ስለጀመረ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ አዲስ አጥንትም ይበቅልበታል። ሁለተኛው በሞት ጊዜ አካባቢ የደረሰ ስብራት ነው፤ የመዳን ምልክት የለውም፣ ጠርዙ ስለታምና ለስላሳ ነው፣ መስመሩም ብዙ ጊዜ በሰያፍ ወይም ተጠማዞ ይሄዳል። ሦስተኛው አጥንቱ ከደረቀ በኋላ የደረሰ ስብራት ነው፤ ጠርዙ ሻካራ ይሆናል፣ የተሰበረው ገጽም ከአጥንቱ ውጫዊ ገጽ በቀለም ሊለይ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አጥንት እርጥበቱን ከሞት በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ «በሞት ጊዜ አካባቢ» የሚለው ሐረግ ለአጥንት መርማሪና ለሐኪም አንድ ትርጉም የለውም። ስብራቱ አጥንቱ እርጥብ ሳለ እንደደረሰ ይነግረናል እንጂ ሟቹን የገደለው እርሱ መሆኑን ብቻውን አይነግረንም።

ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ይሆን?

3.18 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ የሆናት ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1974 በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ በዶናልድ ጆሃንሰንና በባልደረቦቹ ተገኘች። ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቅሪተ አካሉ በአሜሪካ ሳለ በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፍተኛ ጥራት ባለው የሲቲ ስካን መሣሪያ አጥንቶቹን በራጅ አነሡ፤ ከ35,000 በላይ የውስጥ ምስሎችም ተገኙ።

የቡድኑ መሪ ጆን ካፕልማን በቀኝ ክንዷ የላይኛ ጫፍ ላይ፣ ከትከሻ ጋር በሚገጥመው በኩል፣ ስለታም ስብራቶችን አስተዋለ። ጥቃቅን ስንጥሮች ከቦታቸው ሳይለዩ ቀርተው ነበር። የአጥንት ሐኪም ሲጠየቅ እንዲህ ያለው ስብራት ሰው ከከፍታ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ሲመታ የሚደርሰውን እንደሚመስል ገለጸ። በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበትና በዳሌ አጥንቶችም ላይ ተመሳሳይ የጭምቀት ስብራቶች ታዩ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ድንቅነሽ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ዛፍ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም አለ።

ስሌቱ ምን ይላል?

የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የተማረ አንባቢ ይህን ራሱ ሊመረምር ይችላል። የአየርን መቋቋም ብንተው፣ የወደቀ አካል የፍጥነቱ ስኩዌር የስበት ፍጥንጥነት (9.8) በከፍታው ተባዝቶ ሁለት እጥፍ ነው። ለ12 ሜትር 2 × 9.8 × 12 = 235 ገደማ ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱ 15.3 ሜትር በሴኮንድ፣ ማለትም በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ነው። ክብደቷን 27 ኪሎ ግራም ብንወስድ መሬት ስትደርስ የሚኖራት ኢነርጂ 27 × 9.8 × 12፣ ወደ 3,175 ጁል ይጠጋል።

ወሳኙ ግን ይህ ኢነርጂ በምን ያህል ርቀት ውስጥ እንደሚጠፋ ነው። ሰውነቷ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም አማካዩ ኃይል 3,175 ሲካፈል ለ0.1፣ ማለትም ከ31,000 ኒውተን በላይ ይሆናል፤ ይህም የሰውነቷን ክብደት 120 ጊዜ ያህል ነው። በ50 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብትቆም ግን ወደ 24 ጊዜ ይወርዳል። እንግዲህ እንዲህ ያለ አወዳደቅ አጥንት መስበሩ የሚያጠራጥር አይደለም።

ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚያሳየው «ከወደቀች አጥንቷ ይሰበራል» የሚለውን ነው፤ «አጥንቷ ስለተሰበረ ወድቃለች» የሚለውን አይደለም። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች አንድ አይደሉም። ተቺዎቹ፣ ከእነርሱም መካከል ራሱ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት፣ የተቃወሙት በዚሁ በኩል ነው። በእነርሱ አባባል ተመሳሳይ ስንጥቆችና ስብራቶች ዛፍ ላይ በማይወጡ እንስሳት፣ በዝሆንና በጉማሬ ቅሪተ አካላት ላይ ጭምር ይታያሉ። በእንስሳት መረገጥ፣ በላይ የተከመረው ደለል ክብደትና የማዕድናት ለውጥ ሁሉ አጥንትን ይሰብራሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ጉዳዩ ለምን ይመለከተናል?

የድንቅነሽ አሟሟት በሳይንቲስቶች መካከል የሚቆይ ክርክር ነው። ተመሳሳዩ ጥያቄ በፍርድ ቤት ሲነሣ ግን የሰዎች ፍትሕ ይንጠለጠልበታል። ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ጋር በመተባበር በአገራችን የጅምላ መቃብሮችን መርምሯል። በኮተቤ በተከፈተው መቃብር ከአጽሞቹ ጋር የማነቂያ የናይለን ገመድ ተገኝቷል። የታነቀ ሰው አጽም አንዳች ስብራት ላይኖረው ይችላል። አጥንቱ ዝም ባለበት አጠገቡ የቀረው ገመድ መሰከረ። ባለሙያዎች መቃብርን በጥንቃቄ፣ እያንዳንዱን ነገር በነበረበት ቦታ እየመዘገቡ የሚከፍቱት ስለዚህ ነው፤ በአካፋ በችኮላ የወጣ አጽም ምስክርነቱን ግማሹን አፈር ውስጥ ጥሎ ይወጣል።

ውድ አንባቢያን፣ በፎረንሲክ ዘገባ ውስጥ «ይስማማል» እና «ያረጋግጣል» የሚሉት ሁለት ቃላት እጅግ የተራራቁ ናቸው። የድንቅነሽ ስብራት ከመውደቅ ጋር ይስማማል፤ ከመረገጥና ከደለል ክብደት ጋርም ይስማማ እንደሆነ እስካልተለየ ድረስ ግን አላረጋገጠም። ማስረጃን መመርመር ማለት ግምታችንን የሚደግፈውን መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን ተቀናቃኙን ግምት ሊያፈርስ የሚችለውን መፈለግ ነው። ወንድሟ ወይም ልጇ እንዴት እንደሞተ ለማወቅ ዓመታት የጠበቀች ቤተሰብ የሚገባት መልስ እንዲህ ተፈትኖ ያለፈው ነው።